ድንጋይ፣ ጠፍርና አንድ ዘለላ ፀጉር

“ተጫንሽው” አሉ አባባ ዋቅቶላ።

ቀመሪያ ምላጩን ከድንጋዩ ላይ ሳታነሳ ቀና አለች። ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ፊታቸውን ለጠዋት ፀሐይ ሰጥተዋል። ዓይናቸው ከደበዘዘ ወዲህ የሚቆጣጠሯት በጆሯቸው ነው። የምላጩን ድምፅ ሰምተው፣ እጇ የቱ ጋ እንደከበደ፣ የቱ ጋ እንዳዘነበለ ይነግሯታል።

“አልተጫንኩትም።”

“ድንጋዩ እኮ ይጮኻል።”

“ድንጋዩ እንደ ቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። ሳይነኩትም ይጮኻል።”

“አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽን ቀንሺ። አጥሩ ስስ ነው” አሉ፤ ግን ከንፈራቸው ሳቅ ይዞ ነበር።

በለቡና በላፍቶ፣ እስከ ንፋስ ስልክ ድረስ ያሉ ፀጉር አስተካካዮች ታጣፊ ምላጫቸውን የሚያስሉት እዚህ ግቢ ነው። ስሱ የሱቅ ምላጭ ከቀበሌው ሱቅ ከጠፋ ወዲህ፣ ሣጥን ውስጥ የተረሱት ታጣፊዎች ሁሉ ዝገታቸውን ይዘው እየወጡ መጡ። ሥራው ሲበዛ የሽማግሌው ዓይን ደከመ። ቀመሪያ የመጣችው ልብስ ልታጥብላቸው ነበር። አጥባ ስትጨርስ ድንጋዩ አጠገብ ቁጭ ማለት ለመደች፤ “ነይ፣ ተማሪ” ያላት የለም። ፊደሉን በመሠረተ ትምህርት ከጥቁር ሰሌዳ እየነጠቀች እንደያዘችው፣ ስለቱንም ከሽማግሌው እጅ እየነጠቀች ያዘችው። ምላጭ ድንጋዩ ላይ በአፉ እንደሚሄድ፣ ጠፍሩ ላይ ግን በጀርባው እንደሚጎተት፣ ሲገለበጥም በጀርባው እንጂ በአፉ እንደማይዞር ሳይነገራት አየች። አሁን ዋናዋ ስለት ሳይ እሷ ናት። መንደሩ ምላሷን ከምላጮቹ አስበልጦ ይፈራል፤ እሷም በዚህ ቅር ብሏት አያውቅም።

ትናንት ግን ጋሽ መሐሙድ፣ የንፋስ ስልኩ ፀጉር አስተካካይ፣ ምላጮቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መልሰው አመጡ።

“ይጎትታሉ” አሉ። “ሰውየው ወንበሬ ላይ እንባ አወጣ።”

“ጺሙ ሽቦ ቢሆንስ?”

“የሰፈሩ ጺም በሙሉ በአንዴ ሽቦ ሆነ?” ወደ ሽማግሌው ዞሩ። “ነገ የእህቷ የሐሚዳ ልጅ አቂቃ፣ የስም ማውጫው ድግስ ነው። በሰባተኛ ቀኑ ራሱን የምላጨው እኔ ነኝ። ቅቤ የመሰለ ራስ ነው፣ አባባ። ነገም ከጎተተ እኔ ከእንግዲህ መርካቶ ነው የማስለው። ሌሎቹም እኔን እያዩ ነው። ድንገት ሰምተው እንዳያዝኑብኝ ብዬ ነው።”

አባባ ዋቅቶላ “እሺ” ብቻ አሉ። ቀመሪያ ግን ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ጋሽ መሐሙድ ከሄዱ ሌሎቹም ይከተላሉ፤ ድንጋዩ ሥራ ይፈታል፤ እሷም ወደ ሰው ልብስ ትመለሳለች። ከሁሉም በላይ ያቃጠላት፣ ምላጮቹ ከእጇ ሲወጡ ደህና እንደነበሩ መማል መቻሏ ነው።

ስለዚህ ዛሬ አልቸኮለችም። ድንጋዩን ውኃ አጠጣችው። የምላጩን ጀርባና አፍ እኩል አስተኝታ፣ ክብደቱን ለራሱ ለምላጩ ትታ፣ ወዲያና ወዲህ ሰደደችው። ድምፁ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ሽማግሌው መናገር ተዉ። ከዚያ ጠፍሩን ከመስኮቱ ሚስማር አንጠልጥላ ወጠረችና ምላጩን በጀርባው እየሳበች ቆዳው ላይ አመላለሰችው። ሲበቃት ወደ ብርሃን አነሳችው። ሁልጊዜ ይህን የምታደርገው ከአጥሩ ጥግ ነበር፤ ዛሬ ግን ባለችበት ቆማ ስለቱን በአውራ ጣቷ ጥፍር ላይ ሳብ አደረገች።

ቅጭ አለ።

“ምንድን ነው እሱ?” አሉ አባባ ዋቅቶላ።

“ምኑ?”

“አሁን የሰማሁት። እጅሽን ስጪኝ።”

እጇን ሰጠቻቸው። የአውራ ጣቷን ጥፍር በጣታቸው ዳበሱት። ጥፍሩ በጭረት ተሞልቷል፤ አንዱ በሌላው ላይ።

“ከጠፍሩ በኋላ ነው እንዲህ የምታደርጊው?”

“መያዝ አለመያዙን ለማየት ነዋ።”

ሽማግሌው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። “ልጄ፣ ገና ድንጋዩ ላይ እያለ ቢሆን ምንም አይደል። ጠፍር የነካውን ስለት ግን ጥፍር ይገድለዋል። ስትገድይው፣ ስትገድይው ነው የከረምሽው።”

ቀመሪያ ፊቷ ጋለ። “እርስዎስ በምን ነው የሚሞክሩት?”

የግራ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ክንዳቸው ከአንጓው እስከ ክርኑ እንደ እንቁላል ተልጧል።

“በክንዴ ፀጉር። የስለት ሳዮች ወግ ነው። አንቺም ስታዪ…”

“አይቻለሁ። የኔ ክንድ ላይ ግን የሚላጭ ነገር የለም። ምን ላድርግ፣ ከጎረምሳ ክንድ ልዋስ?”

ሽማግሌው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። “ወይ እኔ! ዕድሜዬን ሁሉ ስስል ሴት አስተምሬ አላውቅም። ክንድ መስሎኝ ነው ሁሉም ክንድ። ግን ጥፍሩን ከማን አየሽው?”

“ፀጉር ቤት። በመስኮት።”

ሳቃቸው ቆመ። ፊታቸውን ወደ ንፋስ ስልክ በኩል አዞሩ።

“እሺ፤ ሻሽሽ ሥር ምን አለ?”

“ፀጉሬ ነዋ።”

“አንድ ዘለላ ይበቃል። ጫፉን ይዘሽ ስለቱ ላይ አውርጂው። ሳትገፊው ከወደቀ፣ ምላጩ ደርሷል። ከታጠፈ፣ ወደ ድንጋዩ መልሺው።”

“ፀጉሬን ለብረት አልገብርም።”

“እንግዲያው ልብስ እጠቢ።”

ከአጥሩ ማዶ በሬ የሚነዳ ሰው ፉጨት ተሰማ። ቀመሪያ ጀርባዋን ሰጥታቸው ጣቷን በሻሿ ጠርዝ ሰደደችና አንድ ዘለላ ነቀለች። ስለቱ ላይ ስታወርደው ታጠፈ። ተመልሳ ድንጋዩን ውኃ አጠጣች። ሌላ ዘለላ፤ እሱም ታጠፈ። ሦስተኛው ስለቱን እንደነካ ሁለት ሆኖ መሬት ወደቀ። ድምፅ እንኳ አላሰማም።

“ወደቀ?” አሉ ሽማግሌው።

“ወደቀ።”

ልትሄድ ስትነሳ ትንሹን ድንጋይና ጠፍሩን በጨርቅ ጠቅልለው አስያዟት።

“ለምላጩ እንጂ ለድንጋይ መቼ ተጠራሁ?” አለች።

“አይከብድሽም። ያዢው።”

የሐሚዳ ቤት ላፍቶ ነው። ሳሎኗ ሞልቶ ሰዎች ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ሕፃኑ በአያቱ ጭን ላይ ተኝቶ ጡጫውን ጨብጧል። ጋሽ መሐሙድ ነጭ ቆባቸውን ደፍተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ የሕፃኑን ፀጉር በለብታ ውኃ እያራሱ ነበር። ቀመሪያ ምላጩን ሰጠቻቸው። ከፈቱት፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት፣ ከዚያም ቤቱ ሁሉ እያየ፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ሳብ አደረጉት።

ቅጭ አለ። እንግዶቹ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀመሪያ ባለችበት ደረቀች። ጋሽ መሐሙድ ደንበኛ ወንበራቸው ላይ በተቀመጠ ቁጥር ይህን ያደርጋሉ። እሷም የተማረችው በዚያ መስኮት አሻግራ እሳቸውን አይታ ነው። እሷ የገደለችውን እሳቸው ደግመው ይገድሉታል፤ ከዚያ ይጎትታል ብለው ይመልሱታል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ቤቱ ሙሉ ነው፤ ትናንት ያሏትን በአንድ ትንፋሽ ትከፍላቸው ነበር።

የራሷን አውራ ጣት አየች። ጭረቱ እዚያው ነው። ጣቷን መዳፏ ውስጥ ደበቀችው።

“ጋሼ፣ አንዴ ይመልሱልኝ።”

“ምነው?”

“እርጥበት ነክቶታል። ትንሽ ይቀረዋል።”

ሐሚዳ “ቀመሪያ፣ ሰው እየጠበቀ ነው እኮ” አለች በቀስታ።

“ይጠብቅ። ልጁም አልቸኮለም።”

ደፉ ላይ ተቀምጣ ድንጋዩን ከጨርቁ ፈታች። እንግዶቹ ወሬያቸውን ቢቀጥሉም እሷ ከወሬው ሥር የምላጩን ድምፅ ብቻ አዳመጠች፤ እስኪሳሳ ጠበቀችው። የጠፍሩን ጫፍ የበሩ መቀርቀሪያ ላይ አስራ ወጠረች፣ ምላጩን እየገለበጠች ሳበችው። ተመልሳ ስትቆም የጋሽ መሐሙድ አውራ ጣት ከወዲሁ ተነስቶ ይጠብቃል።

ምላጩን አልሰጠቻቸውም። ግራ እጇን ወደ ሻሿ ጠርዝ ሰዳ አንድ ዘለላ ነቀለች። ቀድማ ፀጉሩን መዳፋቸው ላይ አኖረች፣ ምላጩን ከዚያ በኋላ።

“ከእንግዲህ በዚህ ይሞክሩት፣ ጋሼ” አለች፣ ከእሳቸው ሌላ ማንም በማይሰማው ድምፅ።