የመሰከርኩላት መኪና

መኪናዬን በገዛሁ በሁለተኛው እሑድ ምእመኑ ሁሉ ፊት ቆሜ ዋሸሁ። ነገሩን ከዚህ ካልጀመርኩ አሁንም እየዋሸሁ ነው።

እኛ ካራቲና ከተማ መኪና የገዛ ሰው መጀመሪያ ያስጸልይባታል። ፓስተሩ ኮፈኗ ላይ ዘይት ያፈሳል፣ መዘምራኑ ይከቧታል፣ ባለቤቷ ማይክራፎን ይዞ ይመሰክራል። ሃያ ዓመት ድንች በጀርባዬና በሰው መኪና ሳመላልስ፣ ለሌላው ምስክርነት ሳጨበጭብ ኖሬያለሁ። ታዲያ የእኔ ተራ ሲደርስ ዝም ልበል?

ነጯ መኪናዬ ግን ከሻጩ ግቢ በወጣች በአምስተኛው ቀን መፍላት ጀምራለች። ሞተሩ ውሃ ይጠጣል። ትንሽ እሄድና ቆሜ አጠጣታለሁ። የዚያን ዕለት ሰው ሳያየኝ ልድረስ ብዬ ገና ሳይነጋ ወጣሁ። የውሃውን ጄሪካን በጨርቅ ጠቅልዬ ከወንበር ሥር ሸሸግሁት። ከዚያ ማይክራፎኑን ሲሰጡኝ፣

«ከገዛኋት ጀምሮ ኮፈኗን ከፍቼ አላውቅም! እንዲህ ያለ ታማኝ ነጋዴ በዚህ ዘመን አለ?» አልኩ።

ማን አስገደደኝ? ማንም። የገዛ አፌ ነው። ሰዉ እልል አለ። ሻጩ ሙሪጊ ራሱ በእንግድነት መጥቶ ነበርና በስልኩ ይቀርጸኝ ነበር።

ሰኞ ዕለት ግማሽ መንገድ በሰው እያስገፋሁ ግቢው ወሰድኳት። ገንዘቤን መልስ ልለው ነው የሄድኩት። ሙሪጊ ሳቀ።

«ማማ ጊቾሂ፣ ትናንት እግዚአብሔር ፊት ያልሽውን ዛሬ እኔ ፊት ልትሽሪው ነው?»

«ሞተሩ ተሰንጥቋል። መካኒኬ ራዲያተሩ ውስጥ ስንጥቅ የሚደፍን ዱቄት አገኘ። እሱ ታጥቦ ሲያልቅ ነው የፈላችው።»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል። አንቺ ለእኔ እህቴ ነሽ። ሞተሩን በነጻ እለውጥልሻለሁ። አንቺ ብቻ፣ ከማን ገዛሽ ሲሉሽ ስሜን አትርሺ።»

ለወጠልኝ። እኔም አፌን ዘጋሁ። ዘግቼው በቀረሁ ደግ ነበር፤ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር ግን ግቢውን በጣቴ አመለከትኩ።

ካመለከትኩላቸው አንዷ ንዱታ ናት። ገበያ ላይ ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው። ዶሮ ታረባለች፣ ለሦስት ትምህርት ቤቶች እንቁላል ታቀርባለች። በሞተር ብስክሌት ሲጫን ግማሹ እየፈሰሰ ስላስቸገራት መኪና አማራት። «አንቺ ካልሽ አበቃ» ብላ ሙሪጊ ጋ ሄደች። በሦስተኛው ሳምንት መኪናዋ ዳገት ላይ ፈልታ ቆመች። ገፍተን አወጣናት። እኔም ገፋሁ፤ እየገፋሁ «ምን ነካት?» እላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ትምህርት ቤቶቹ ሁለት ጊዜ ያለ እንቁላል ሲቀሩ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካላስተካከልሽ ሌላ ሰው እንይዛለን አሏት። ሙሪጊ ጋ ብትሄድ፣ «ውሃ ሳትጨምሪ ነድተሽ ያቃጠልሻት አንቺው ነሽ። ደግሞስ አይቼ ወድጄ ገዛሁ ብለሽ ፈርመሽ የለ?» አላት።

ንዱታ እንደ እኔ በሹክሹክታ የምትታረቅ ሴት አይደለችም። ትንንሽ ክስ ያለ ጠበቃ ወደሚታይበት ፍርድ ቤት ሄዳ ከሰሰችው። «አጅቢኝ ብቻ፣ ጉልበቴ እንዳይከዳኝ» አለችኝ። አጀብኳት። ለመናገር ብዬ አይደለም። መንገዱን ሁሉ ስለ ዝናቡ ሳወራ ሄድኩ።

ዳኛዋ ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ሙሪጊ የተፈረመውን ወረቀት ሲያቀርብ አየችውና አስቀመጠችው።

«ነጋዴ ጉድለቱን እያወቀ ደብቆ ከሸጠ ፊርማ አያድነውም። የምጠይቅህ ሁለት ነገር ነው። ስትሸጥላት ጉድለቱ ነበረ? ታውቅ ነበር?»

«ክብርት ዳኛ፣ ለእኔ መኪናዎች ደንበኛ ይመስክር» አለና ስልኩን አወጣ።

የገዛ ድምፄን ሰማሁ። ኮፈኗን ከፍቼ አላውቅም! እልልታው ቀጠለ። ዳኛዋ ስልኩን አየች፣ ቀና ብላ እኔን አየች።

«ከከሳሿ ጎን የተቀመጡት እኚህ አይደሉም እንዴ?»

«ራሷ ናት!» አለ ሙሪጊ ጥርስ በጥርስ ሆኖ። «ያውም የከሳሽ ጓደኛ!»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ንዱታ ግን አንገቷን ደፍታ፣ «እሱስ ልክ ነው። የእሷ ደህና ናት። የኔ ዕድል ነው» አለች።

ሌላ ሁሉ ነገር ችዬ ነበር። ይህን አልቻልኩም።

«ዕድልሽ አይደለም» አልኩ። መቼ እንደቆምኩ አላውቅም።

«ለመናገር ከፈለጉ መጀመሪያ ይምላሉ» አለችኝ ዳኛዋ። መጽሐፍ ቅዱሱን ሲያቀርቡልኝ እጄን ለመጫን ከበደኝ።

«ክብርት ዳኛ፣ በዚህ መጽሐፍ ፊት ቆሜ ዋሽቼ አውቃለሁ። ባያምኑኝም አልቀየምም።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ጀመርኩ። መፍላቱን፣ ጄሪካኑን፣ ዱቄቱን ተናገርኩ። ስለ አዲሱ ሞተር ስደርስ እንደገና ወደ ጄሪካኑ ተመለስኩ፤ ሞተሩ የዝምታዬ ዋጋ ነዋ። እሱን እንዴት ብዬ እንደምናገር ሳስብ ሙሪጊ ብድግ አለ።

«ውለታ ቢስ! ያን የሚያህል ሞተር በነጻ ማን ለወጠልሽ?»

ዳኛዋ ብዕሯን አነሳች።

«መቼ ነው የለወጥክላቸው?»

«እኔ ማለቴ...»

«ከሳሿ ከመግዛቷ በፊት ነው በኋላ?»

በፊት ነበር። ሙሪጊ ራሱ ተናገረው። የእኔን ሞተር ሲቀይር ዱቄቱን በዓይኑ አይቷል፤ ንዱታ ከክሱ ጋር ያቀረበችው የመካኒኳ ወረቀትም ያንኑ ዱቄት ይናገራል። መኪናዋን መልሶ ይውሰድ፣ የከፈለችውን በሙሉ ወሩ ሳያልቅ ይመልስ ተባለ። ንዱታ እንቁላሏን አዳነች።

እኔ ግን የደስታዋ ተካፋይ የምሆንበት ፊት አልነበረኝም። ደጅ ወጥተን መኪናዬ ጋ ስንደርስ በሩን ከፈትኩላት። አልገባችም።

«ዳገቱ ላይ አብረሽኝ ገፍተሻል» አለች። «ያኔም ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልብ አድርጋ አየችኝ፣ ገበያ ላይ እንዳለ ዕቃ።

«ሌላ ለማን ነግረሻል?»

«ለማን ምን?»

«አታድበስብሺብኝ። ግቢውን ለማን ለማን አሳየሽ?»

ካሪሚን አልኩ። የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ አልኩ። ከዚያ የመኪናውን መስታወት በእጄ መጥረግ ጀመርኩ።

«ቀጥይ።»

የፓስተሩን ታናሽ እህት ስጠራ ንዱታ ዓይኗን ጨፈነች። ሌሎች ሁለት ስጨምር አምስት ሆኑ። ካሪሚ ቀብድ ከፍላ ገና መኪናውን አላነሳችም።

ንዱታ ገባችና በሩን በኃይል ዘጋችው።

«ካሪሚ ቤት ንጂ።»

«አሁን? ምን ብለን እንነግራታለን?»

«እንነግራታለን የሚባል የለም። የምትናገሪው አንቺ ነሽ። እኔ የምመጣው እንዳትቀንሺ ነው።»