ሕልም የያዘው ሃርድ ዲስክ

እኔ የነካሁት ኮምፒውተር ሞቶ አያውቅም። ቢሞትም እኔ መጣሁ ሲባል አፍሮ ይነሳል። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ሰፈሩ የሚያውቀው ነው። የማያውቅ ካለም ነግሬዋለሁና ጥፋቱ የእኔ አይደለም። የጥገና ሱቄን ከውጭ ያዩ ሰዎች ቁም ሳጥን ይመስላቸዋል፤ ስንት መሥሪያ ቤት ግን ከዚያ ቁም ሳጥን እስትንፋሱን ተቀብሎ እንደወጣ ልጻፍ ብል ወረቀት ያልቃል።

ስለዚህ እህቴ አንድ ረፋድ ላይ ደውላ ላፕቶፑ አልነሳ አለኝ ስትለኝ ሳቅኩባት። የአባዬ ሕልሞች እኮ ውስጡ ናቸው ስትል ግን ሳቄን ትቼ የመሣሪያ ቦርሳዬን አነሳሁ።

አባታችን ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲመዝን የኖረ የሚዛን ሠራተኛ ነው። ሾፌሩ የፈለገውን ቢምልለት እሱ የሚያምነው የሚዛኗን መርፌ ብቻ ነበር። ቤትም የሚገባው ሚዛኑን በሆዱ ይዞ ነው። ልጅ ሳለሁ አርባ ውሻ አባረረኝ ብዬ እያለከለክሁ ስገባ፣ ከጋዜጣው ቀና ሳይል አራት ጣት ያሳየኛል። ክፋቱ ደግሞ ውሾቹ በትክክል አራት መሆናቸው ነው። እንዲህ እያለ የእኔን ቁጥር ለአስር ማካፈል የቤታችን ሕግ ሆኖ ቀረ።

ታዲያ ያ መርፌ ብቻ የሚያምን ሰው ጡረታ ሲወጣ ሕልም ማየት ጀመረ። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የቤቱ ፊተኛ ክፍል የሥራ ቦታዋ ነው። አባዬ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ሥር ይቀመጥና ሌሊት ተኝቶ ያየውን ሁሉ ይነግራታል። እሷ ትሰፋለች። ላፕቶፑ የስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ሆኖ ድምፁን ይቀዳል። አንድ ቀን እሰማዋለሁ እያለች አጠራቀመችው እንጂ መልሳ ከፍታው አታውቅም። ከዚያ ስትሮክ የሚሉት ሕመም መጣ፤ ግማሽ ጎኑን አስንፎ ቃሉን ይዞበት ሄደ። ሐኪሙ ምላሱ እንደሚሠራ፣ ድምፁም እንዳለ፣ እሱ ራሱ ካልፈለገ ግን ማንም እንደማያስጀምረው ነገረን። እህቴ የራሱን ሕልም በራሱ ድምፅ ላሰማው ብላ አሰበች። ማን ያውቃል፣ ምላሱ የሄደበትን መንገድ ያስታውስ ይሆናል። ያን ጠዋት ልታሰማው ስትከፍተው ነው እንግዲህ ላፕቶፑ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ አውጥቶ "ዲስክ የለኝም" ያላት።

ስደርስ ያላለቁ ቀሚሶች ከገመድ ተንጠልጥለው በመስኮቱ ነፋስ ቀስ እያሉ ይዞራሉ፤ ባለቤቶቻቸውን ጥለው ቀድመው ለጭፈራ የወጡ ይመስላሉ። ብርሃኑ በእነሱ ውስጥ አልፎ ወለሉ ላይ ሲያርፍ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ሐምራዊ ነው። አባዬ እዚያ ብርሃን መሀል ቁጭ ብሏል። ጉንጩን ሳምኩት። አየኝና ወደ መስኮቱ ተመለሰ።

ላፕቶፑን ሳነሳው ዘይት ዘይት ሸተተኝ። እህቴ ዓይኗን ከእኔ አሸሸች። ቀስ በቀስ ነው ነገሩን ያወጣሁት፦ ላፕቶፑ ሰሞኑን ቀጭ ቀጭ ይል ነበር፤ እሷም የስፌት መኪናዋ ቀጭ ቀጭ ሲል የምታደርገውን አደረገች። በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ዘይት ጠብ አደረገችበት።

"እቴ፣ ካውያሽ ሲበላሽ ደግሞ ውሃ ታጠጪዋለሽ?"

"ሰድበህ ስትጨርስ ሥራህን ትጀምራለህ። እየጠበቅኩህ ነው" አለችኝ።

ደግነቱ ሃርድ ዲስክ የታሸገ ሣጥን ነው፤ ዘይቱ አልገባበትም። ጉዳቱ የመጣው ከሌላ ነው። ሣጥኑ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ ከሳህኑ በላይ ፀጉር በማያሳልፍ ክፍተት አንዲት ቀጭን ጫፍ ተንሳፍፋ ታነባለች። የእህቴ መርፌ በደነሰች ቁጥር ያቺም ጫፍ ስትንቀጠቀጥ ከርማለች። ሕልሙ የሚቀዳበት ጠረጴዛ ራሱ ሕልሙን ሲያራግፈው ኖሯል። ይህን አልነገርኳትም፤ የዘይቱ ይበቃታል።

ብሎኖቹን ፈትቼ ዲስኩን አወጣሁትና በኬብል ከራሴ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁት። የካቻቪቴውን ጫፍ ዲስኩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ይህን የማዳመጥ ጥበብ በዓለም ላይ የምናውቅ ሰባት ሰዎች ነን፤ ስድስቱን አላውቃቸውም። ውስጡ አንድ ሰው በጨለማ ግድግዳ እየዳበሰ በር ሲፈልግ ይሰማል። ይዳብሳል፣ ይመታል፣ ይመለሳል። ዲስኩ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለና ጠፋ።

"ሁሉንም አወጣልሻለሁ፤ አንድ አይቀርም" አልኳት።

"ለአስር ሲካፈልስ?"

አባዬ መስኮቱ ሥር ነበር። ድምፄን ዝቅ አድርጌ "አላውቅም" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ከአፌ የወጣ መልስ ስታምን ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

የታመመ ዲስክ ውስጥ ፋይል ፍለጋ አይገባም፤ በበረበሩት ቁጥር ይብስበታል። መጀመሪያ ያለውን ሁሉ እንዳለ ወደ ጤነኛ ዲስክ መገልበጥ፣ ከዚያ ግልባጩን መበርበር ነው። የስፌት መኪናዋን አስቆምኳት። ከኮት ትከሻ ውስጥ የሚገባውን ስፖንጅ ሁለቱን ለዲስኩ ፍራሽ አደረግኩለት። ጥቂት አነበበ፣ ጋለ፣ ጠፋ። አሳረፍኩት። ደግሞ አነበበ፣ ደግሞ ጠፋ። በመጨረሻ እንደ አልጋ ቁራኛ ገልበጥ አድርጌ በጀርባው አስተኛሁት። ዳሰሳው አቆመና ልክ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው እኩል መተንፈስ ጀመረ።

ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ብቻ ነበር። የስፌት መኪናው ዝም ስላለ ቤቱ ውሃ ውስጥ የገባ መሰለ። ስክሪኑ ላይ ያለችው አረንጓዴ መስመር እንደ ቀንድ አውጣ ትሳባለች። ቀሚሶቹ ይዞራሉ። እህቴ ባዶ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እኔ ካቻቪቴዬን እንደያዝኩ ተቀምጠናል፤ የነቃው ማናችን እንደሆነ እንጃ። አባዬ ብቻ ዞር እያለ ዝም ያለውን መኪና ያያል፤ አንድ ሰው ከክፍሉ እንደጎደለበት ሁሉ።

የቀሚሶቹ ጥላ ግድግዳው ላይ ሲደርስ መስመሯ ቆመች። ከመጣው ውስጥ ድምፅ ድምፁን ለየሁት። ፋይሎቹ ስማቸውን ረስተው ነው የመጡት፤ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም አይታወቅም፣ ብዙዎቹም ወገባቸው ላይ የተቆረጡ ናቸው። አንዱን ከፈትኩት። መጀመሪያ የተሰማው የስፌት መኪናው ነው፤ ከበስተጀርባው ደግሞ እሱ።

"ባሕሩ ጨርቅ ነበር። አንቺ ዳርቻውን ትዘመዝሚያለሽ። ክር አለቀብኝ ብለሽ ታለቅሻለሽ..."

እህቴ አፏን አንገቷ ላይ ባለው የልክ መውሰጃ ሜትር ያዘች። የአባዬ ጣት ጉልበቱ ላይ ከመኪናው ድምፅ ጋር መምታት ጀመረች። ሁለተኛውን ከፈትኩ። ደመና የጫነ መኪና ሚዛን ላይ ወጥቶ ሾፌሩ ባዶ ነኝ ብሎ ይምላል፤ መርፌዋ ግን ጥግ ድረስ ሄዳለች። አባዬ አንገቱን ነቀነቀ፤ ያንን ሾፌር የሚያውቀው ይመስላል። ቃል ግን አልወጣውም። ሌላ፣ ደግሞም ሌላ ከፈትኩ። የእህቴ ፊት ቀስ በቀስ ሲጨልም አየሁ። ከዚያ ይኼ መጣ፦

"ፈረሶች በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። ከወንዝ የወጡ መሰለኝ፣ ያንጠባጥባሉ፤ ወለሉ ግን አልራሰም። እንደ ልማዴ ቆጠርኳቸው፤ ልክ..."

ተንኮሻኮሸና ዝም አለ።

ደግሜ ሞከርኩ፤ እዚያው ላይ ዝም አለ። የቀረው ላይመለስ ሄዷል። አባዬ የገዛ ቁጥሩን እየጠበቀ ኮምፒውተሬን አፍጥጦ ያያል። እኔ ደግሞ ዝምታ አይሆንልኝም፤ ተፈጥሮዬ ነው።

"አርባ ነበሩ" አልኩ። "አርባ ፈረስ፣ እያንዳንዱ ይህን ቤት የሚያክል፣ ጋማው ጣሪያ የሚጠርግ..."

ጤነኛው እጁ ተነሳ። አራት ጣት። ልተወው አልኩና ደግሞ አልተውኩትም፤ "አርባ ናቸው፣ ራሴ አይቻለሁ" አልኩት። እንዲህ ያለ ውሸት በጣት ብቻ የሚታለፍ አልሆነለትም። ከንፈሩ ታገለ፣ ጉሮሮው ታገለ።

"አራት።"

እህቴ ደንበኛ ልኩን እንደነገራት ሁሉ ቀና ሳትል፣ ቀስ ብላ "ስንት?" አለችው።

"አራት" አለ። ትንሽ አረፈና "አንዷ... አንካሳ" ጨመረ።

እህቴ እግሯን ፔዳሉ ላይ አድርጋ፣ ጨርቅ ሳትይዝ፣ ድምፁ እንዲሰማው ብቻ በባዶው መስፋት ጀመረች።

አሁን ላፕቶፑ አዲስ ዲስክ ገብቶለት በሌላ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ግልባጩም ሱቄ ውስጥ አለ። ሥራ ከመክፈቴ በፊት በየቀኑ ጎራ እልና ከበሩ ላይ ሆኜ ያ አርባ ፈረስ እንዴት አደረ እለዋለሁ። እሱም አራት ይለኛል፤ አንዳንዴ በዚያው የአንካሳዋን ቀለም ይነግረናል፣ ወዴት እንደሄዱም ሊነግረን ይሞክራል። ትናንት ግን እኔ ብሶብኝ ወይ እሱ ሰልችቶት፣ ለረጅም ጊዜ አየኝና "አምስት ይሁኑልህ" አለኝ።

ብዙ ዲስክ አስነስቻለሁ። ከዚያ ሚዛን ላይ አንድ ፈረስ ያስጨመረ ሰው ግን ከእኔ በቀር የለም።