የታጠፈው ቄጤማ

ዘውዴ በሐረር ግንብ የኤረር በር ዘበኛ ነው። አባቱ በ1879 ዓ.ም. ከዘማቹ ጋር ሐረር ገብቶ በዚያው የቀረ ወታደር ነበር። ልጁ ግን በሃምሳ ዓመቱ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ እንቁራሪት ማየት ጀመረ። የነፍጠኛ ልጅ እንቁራሪት ሲያይ ይውላል ቢባል ሐረር ለዓመት የምትስቅበት ወሬ ባገኘች፤ ስለዚህ ለሚስቱ ለገላነሽ እንኳ አልነገራትም።

ከግንቡ ውጭ ቁልቁል ሶፊ ላይ፣ ከገበሬው ከታጁዲን የጫት ማሳ ግርጌ፣ ዙሪያዋን ቄጤማ የከበባት ምንጭ አለች። ዝናብ ሲገባ አውራ ጣት የማታክል ቢጫ እንቁራሪት ትመጣና የቄጤማውን ቅጠል ለሁለት አጥፋ፣ እንቁላሏን ውስጡ ጥላ፣ እንደ ደብዳቤ ታሽገዋለች። ዘውዴ የታሸገ ቅጠል ስድስት ክረምት አይቷል። ስታጥፈው ግን አንድም ቀን አልደረሰባትም። ግራ ዓይኑ ጠፍቷል፤ ቀኙም ጭስ እንደሞላው ቤት ሆኗል። ይህ ክረምት የመጨረሻው እንደሆነ ያውቀዋል። ከዚህ ዓለም የቀረው ምኞት እሷ ስታጥፍ ማየት ብቻ ነበር።

አንድ ማለዳ ምንጩ ዳር ተንበርክኮ፣ ትንፋሹን ውጦ ሲጠብቅ፣ ወደ ጊደር መጋላ ገበያ እህል ይዛ የምትወጣው እልፍነሽ ከኋላው ቆመች። ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቀችው። ዘውዴ አፈረ።

«እየጸለይኩ ነው» አላት።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። እሑድ ሳይደርስ ለዘውዴ የዓይን ጠበል ተገለጠለት ተባለ። ሕመምተኛው ሁሉ ቅልና ገንቦ ይዞ ሶፊ ወረደ። የምንጩን ጭቃ ጠረጉ፤ እንቁራሪቶቹን ርኩስ ናቸው እያሉ በዱላ አባረሩ። የዘውዴን ምሥጢር ብቻውን የሚያውቀው ታጁዲን፣ ማሳው ስለተረገጠበት፣ ኤረር በር ድረስ መጣ።

«ወላሂ አቶ ዘውዴ፣ የማየው እንቁራሪት ነው ይበሏቸው። ዛሬውኑ ይመለሳሉ።»

ዘውዴ እሺ ብሎ ቤቱ ገባ። ገላነሽ ከሶፊ ገና መመለሷ ነበር፤ ጠበሉን ዓይኑ ላይ እየረጨች ታለቅሳለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ዓይኑ ስለት ስትሳል የኖረች ሴት ናት። ምን ብሎ ይንገራት? ነገ እነግራታለሁ አለ። በነጋው ቀኙም ጨለመ።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ገላነሽ አንድ ሸክም ቄጤማ አምጥታ ቤቱ ውስጥ ጎዘጎዘችው። ዘውዴ መደቡ ላይ እንደተቀመጠ እጁን ሰዶ መሬቱን ዳሰሰ። ጣቱ አንዲት ቅጠል ላይ ቆመ። ለሁለት ታጥፋ ተጣብቃለች። ቀስ ብሎ ከፈታት፤ ውስጧ ያለው ደርቆ ጣቱ ላይ ተፈረፈረ።

«ከየት ቆረጥሽው?»

«ከጠበሉ ዳር ነዋ። ለበረከት ሁሉም ተካፈለው፤ አንድ ዘለላ አልቀረም።»

ዘውዴ አንገቱን ደፍቶ ቅጠሏን መልሶ አጠፋት። ገላነሽ ያን አይታ አጠገቡ ተንበረከከች።

«ቅጠሏ ታየችዎት እንዴ?» አለችው፣ ድምጿ በተስፋ ተሰብሮ።

የት እንዳለች የሚያውቀው በድምጿ ብቻ ነበር። ፊቱን ወደዚያ አዞረ።

«ታየችኝ» አላት።

እልል እያለች ጎረቤት ልትጠራ ወጣች።