የሁለት ሞተር ቅርጫ

"ትንሽ ይጮሃል" ብሎ ሞተር የሚያመጣ ሰው አልወድም። ፍሬን ትንሽ አይጮህም፤ ወይ ይይዛል፣ ወይ ይገድላል። ፍኖተ ሰላም ጋራዥ ከከፈትሁ ጀምሮ ይህን ለስንቱ እንደተናገርሁ ጉሮሮዬ ያውቃል። ሰው ግን አይሰማም፤ ይስቅና "አይ ጋሽ ክንዱ" ይለኛል።

አቻምየለሽ የመጣችው ሚሌኒየሙ በተከበረበት ዓመት፣ ኅዳር ላይ ነው። ገበዝ ማርያም ከተማ የከብት ሐኪም ናት፤ መድኃኒቷን በጀርባዋ አዝላ በቋሪት ወረዳ በሬ የታመመበት ደጃፍ ሁሉ ትደርሳለች። ሞተሯን እየገፋች ገባች። የሱሪዋ ጉልበት ተቀዷል፣ ክርኗ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ የፋሻው ስፋት ለላም የታሰበ መሆኑን ይናገራል።

"ጋሽ ክንዱ፣ የኋላ ፍሬኑ ትንሽ ይጮሃል" አለች።

"ጉልበትሽስ? እሱም ትንሽ ይጮሃል?"

ልትስቅ ሞከረችና ተወችው። "ወደ ጅጋ ስወርድ ብረግጠው አልይዝ አለኝ። አጥብቄ ስረግጠው ደግሞ አንዴ ነክሶ ገደሉ አፋፍ ላይ ጣለኝ። ከነገ ወዲያ ክትባት አለብኝ፤ በዚያው ቁልቁለት ነው የምመላለሰው። በእግሬ እሄዳለሁ እንዳልል፣ ሳልደርስለት የሚሞት ከብት አለ። ይሥሩልኝ፣ ያባቴ።"

ሞተሩ እንደ ሌላው ሞተር አልነበረም። ቁመቱ የበቅሎ ነው። መብራት የለው፣ ጥሩንባ የለው፣ መቆሚያ እንኳ የለው፤ ግድግዳ ካላገኘ ይተኛል። ፈረንጆች ድሮ ጭቃ ውስጥ ለመሽቀዳደምና ጉብታ ለመዝለል የሠሩት ነው። የገረመኝ ቀለሙ ነው፤ አጥንቱ ቀይ፣ የቤንዚን ጋኑ ቢጫ፣ ጭቃ የሚከለክለው የፊት ፓራፋንጎ ቀይ፣ የኋላው ቢጫ።

"ማን ነው እንዲህ አድርጎ የቀባው?"

"አልተቀባም። እንዲሁ ነው የደረሰኝ።"

አልገባኝም። ስናደድ ደግሞ መጠየቅ አልወድም፤ የኋላ ጎማውን ፈታሁት።

የዚህ ዓይነት ሞተር ፍሬን ታምቡር ነው። ድስት በሚመስል ብረት ውስጥ ሸራ የለበሱ ሁለት ቆልማማ ብረቶች ይቀመጣሉ፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ግራና ቀኝ ተከፍተው የድስቱን ውስጥ ይዘው ያቆሙታል። ሁለቱ መንታ መሆን አለባቸው። የአቻምየለሽ ግን ዘመድም አልነበሩም። አንዱ ሰፊ ነው፣ ሸራውም ወፍራም፤ ሌላው ጠባብና አጭር ሆኖ ሸራው ሊያልቅ ተቃርቧል። አጭሩ ታምቡሩን አይነካውም። ሰፊው ብቻውን ይሠራል፤ ሲጨነቅ ሁለቱ ይወላገዱና ይነክሳሉ። መላሾቹን ሞላዎች አየሁ፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። ወደ እግር መርገጫው ዞርሁ፤ የግራው ጥርስ አለው፣ የቀኙ ልሙጥ ነው።

ሰነፍ መካኒክ አንድ ነገር ያሳስታል። እዚህ ግን ሁሉም ነገር በሥርዓት፣ እኩል በእኩል ተሳስቷል። እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራው ሰነፍ ሳይሆን በጣም የተጠነቀቀ ሰው ነው።

"ስሚ፣ የዚህ ሞተር ወንድም የሆነ ቦታ አለ" አልኋት። "እሱም ታሟል። በሽታው ይኸው ነው፤ የተገለበጠ ብቻ።"

መሬት መሬት አየች። "ቡሬ ነው ያለው" አለች። "ታናሽ ወንድሜ ዘንድ።"

ከዚያ ነገሩን አወጣችው። አባቷ አቶ ወልደ ገብርኤል የአንድ የፈረንጆች ፕሮጀክት ዘበኛ ነበሩ። እሑድ እሑድ ቦይ ሲዘል የሚውል አንድ ፈረንጅ ነበር፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ሁለት ሞተሮቹን ለእሳቸው ትቶ ሄደ። አንዱ ቢጫ ነው፣ ሌላው ቀይ ሆኖ በዕድሜ የሚበልጥ። አባት ሲያርፉ፣ በተዝካሩ ማግስት ሽማግሌዎች ለማካፈል ተቀመጡ። ቢጫውን ለአንዱ ቢሰጡ ሌላው ተበደለ። ክርክሩ ሲከር የነፍስ አባታቸው መምሬ ኃይለ ሚካኤል "በሬ ቢሆን ምን እናደርግ ነበር?" አሉ።

በሬ ቢሆንማ ቅርጫ ነው። በቅርጫ ሽንጡ ለአንዱ፣ ጉበቱ ለሌላው አይባልም፤ ከሁሉም ከሁሉም እየተነሣ መደብ መደብ ይደረግና ዕጣ ይጣላል፣ ማንም አያጉረመርምም። ቁርበት ተነጠፈ፤ የሚፈታው ሁሉ ተፈታ። ከቀዩ የፊት ጎማ ከቢጫው የኋላ ጎማ፣ ከቢጫው ጋን ከቀዩ አጥንት እየተባለ ሁለት መደብ ተሠራ። ታምቡሮቹን ሲከፍቱ ውስጣቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀመጡትን ቆልማማ ብረቶች አገኙ። ኩላሊት መሰሏቸው። አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ አደረጉና መረቁ።

ያን ጊዜ በየቀበሌው ስብሰባ ስለ ፍትሐዊ ክፍፍል ሲሰበክ ይውል ነበር። እንዲህ ያለውን ግን ካድሬውም አላሰበው።

"ፍሬኑ ሲያስቸግረኝ ወንድሜ አንዷለም ደህናውን ሰርቆ ለወጠብኝ አልሁ" አለች። "እሱም እኔን እንደዚያው አለ። ከዚያ ወዲህ ፋሲካን እንኳ አብረን አልፈሰክንም።"

ወዲያው ስልክ ቁጥሩን ተቀብዬ ደወልሁ። አንዷለም መጀመሪያ አንገራገረ። "አንተ ልጅ፣ እህትህ ትሙት ወይስ ትመጣለህ?" አልሁት። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩን አይሱዙ ላይ ጭኖ ደረሰ። ጋቢናው ውስጥ መምሬ ኃይለ ሚካኤል ተቀምጠዋል። ያለ ሽማግሌ አንዲት ብረት አልለውጥም ብሎ ይዟቸው መጣ። እህቱን ሰላም ያላት በአገጩ ነው።

ጆንያ አነጠፍሁና ሁለቱንም ፍሬን ፈትቼ ዘርዝሬ አስቀመጥሁ። ሰፊውን ከሰፊው፣ ጠባቡን ከጠባቡ፣ ሞላውን ከእኩያው፣ እያንዳንዱን ከየታምቡሩና ከየጎማው አገናኘሁ። መምሬ ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩ።

"ኩላሊት አይዶለማ" አሉ በመጨረሻ።

"አይደለም፣ አባቴ። ባልና ሚስት ነው፤ አፋታችኋቸው።"

ሳቁ። ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ፤ "እንግዲህ እኩል አይዶሉም" አሉ። እውነት ነው። የቢጫው ፍሬን ገና ብዙ ይሠራል፤ የቀዩ ሸራ ለወጉ ያህል ነው የቀረው። አዲስ አበባ ልኬ እስካስለብሰው ድረስ ከሁለቱ አንዳቸው ያለ ፍሬን መሄዱ ነው።

"እሱ በችሮታ ሰጠኋት ሲል መስማት አልሻም" አለች አቻምየለሽ። "ዕጣ ይጣል።"

"ይጣል" አለ አንዷለም።

ዕጣ ጣይ የማንን እንደሚጥል ማወቅ የለበትም፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ። ቁርጥራጭ ብረት ከማጠራቅምበት ቆርቆሮ ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ ነገር አንሥተው ለመምሬ ሲሰጡ ድምፁ ይሰማኛል። አቻምየለሽ እጇን ስትዘረጋ ነጠላዋ ተንሸራቶ መሆን አለበት።

"ክንድሽ ምን ሁኖ ነው?" አለ አንዷለም።

"ወደቅሁ።"

"የት?"

"የጅጋው ቁልቁለት ላይ። ገደሉ ጋ።"

ሁለት እርምጃ ወደ እሷ ሲጠጋ ሰማሁ። መምሬ ጠሩኝና አንድ ብሎንና አንድ ዳዶ በመዳፌ ላይ አኖሩ። ዓይኔን ጨፍኜ ጣልሁ። ብሎኑ ደህናው ፍሬን ላይ አረፈ፣ ዳዶው ያለቀው ላይ።

"ብሎኑ የማን ነው?" አሉ መምሬ፣ እንደ ወጉ።

አንዷለም "የእታለም ነው" አለ። እህቱን እታለም ብሎ ሲጠራት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

"ኧረ እኔስ ዳዶ ነው የሰ..."

"ብሎን ነው የሰጠሽው። አይቻለሁ።"

አቻምየለሽ ወደ መምሬ ዞረች። ከሁለቱም እጅ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። እሑድ እሑድ ስለ ሐሰት ምስክር የሚያስተምሩት ሰው ጺማቸውን ያዙ፤ ክንዷን አዩ፣ አንዷለምን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የተቀበልሁ እኔ ነኝ" አሉ። "ብሎኑ የልጅት ነው። አለቀ።" ቀጥለውም ቀስ ብለው "እግዜር ይፍታኝ" አሉ።

እኔ በሰው ነገር የማለቅስ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን አለቀስሁ። ከዚያ በኋላ በንዴት ፈጥኜ ገጣጠምሁላቸው።

አቻምየለሽ ጋራዡ በር ላይ ሞክራው ቀጥ ብሎ ቆመላት፤ ጩኸትም የለ። አይሱዙው ሄዶ ስለነበር አንዷለም ወደ ቡሬ በሞተሩ ተነሣ። "መንገዱ ሜዳ ነው፣ እግሬን አወርዳለሁ" አለ። መምሬ ከኋላው እንዲቀመጡ ሲለምናቸው እኔ አውቶቡስ እወዳለሁ አሉት። ሁለት እግሩን እያንጠለጠለ ሲሄድ እህቱ እስኪሰወር ድረስ "ቀስ በል" እያለች ትጣራ ነበር።

የዚያ ዓመት ፋሲካ እነሱ ዘንድ ቅርጫ ገባሁ። አንዷለምና አቻምየለሽ ጎን ለጎን ሆነው ቆዳውን ይይዛሉ። አራጁ ኩላሊቱን አውጥቶ ለሁለት መደብ ሊለያይ ሲል መምሬ ኃይለ ሚካኤል እጁን ያዙት።

"ተው" አሉት። "እነዚህስ አብረው ይሁኑ።"