ትርፍ ሰው

አሰለፈች ከሳሪስ አቦ ስትነሳ ቅዳሴው ገና አላለቀም ነበር። ቃሊቲ ደርሳ የቂሊንጦን ሚኒባስ ስትጠብቅ ግን ረፍዶ ፀሐዩ ከረረ። ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ጉልበቷ ካለፈው ክረምት ወዲህ የእሷ አይደለም፤ ሲፈልግ ይታዘዛል፣ ሳይፈልግ እንደ አኩራፊ ምራት ዝም ይላል።

ልጇ ጌዲዮን ቂሊንጦ ታስሯል። ማክሰኞ ፍርዱ ይነበባል፤ ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሚወስዱት የሚነግራት የለም። እስረኛ መጠየቂያው ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ዛሬ ዐይኑን ካላየች መቼ እንደምታየው አንድዬ ይወቅ። ምሳ ዕቃውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ቆመች።

ሚኒባሱ የመጣው ሞልቶ ነው። ረዳቱ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው፣ በበሩና በመጀመሪያው ወንበር መሃል አንዲት ጣውላ ጣል አደረገና፣ "ማዘር፣ እዚች ላይ ጠጋ ይበሉ" አላት።

"ማዘርህ ትቀመጥበት! ለሰው ጣውላ ይነጠፋል እንዴ?"

"እንግዲያ ሌላ ይጠብቁ።"

ሌላ የምትጠብቅበት ጉልበት ከየት ይምጣ? ጣውላውን ሳታይ ቁጭ አለች። ካየችው እንደማትቀመጥበት ታውቃለች። ከኋላዋ ሦስት ጎረምሶች ወገባቸውን አጥፈው ቆሙ፤ መኪናው ተነሳ።

አደባባዩን እንዳለፉ ሹፌሩ ሸኪብ ከሩቅ ነጭ ኮፍያ አየ።

"ትራፊክ! ጎንበስ በሉ!"

ጎረምሶቹ ቁጢጥ አሉ። የታክሲ ሥርዓት ነው፤ ማንም ሳያስተምረው ሁሉም ያውቀዋል። ትርፉ ሰው አንገቱን ይቀብራል፣ ትራፊኩ የተቆጠረ ወንበር ያየ ይመስለዋል፣ መንገዱም ይቀጥላል። አሰለፈች ግን ጣውላዋ ላይ እንደተተከለች ቀረች።

"ማዘር፣ ጎንበስ!" አለ ረዳቱ።

"ለንስሐ አባቴ ካልሆነ ለማንም አላጎነብስም። ምን ሰርቄ ነው የምደበቀው?"

"ኧረ ሊያስከስሱን ነው!"

"ይክሰሷችሁ!"

ትራፊኩ እጁን አነሳ። ሸኪብ ዳር ይዞ ቆመና መንጃ ፈቃዱን ይዞ ሊወርድ ሲል ሰውየው ራሱ ወደ መስኮቱ መጣ። ቀጀላ ይባላል፤ እዚያ መንገድ ላይ ያረጀ፣ የየሹፌሩን ጓዳ የሚያውቅ ሰው ነው።

"ሸኪብ፣ እንዴት አደርክ? ልጅህ ኡምሀኒ ተሻላት?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ሆናለች።"

"እሰይ። ትርፍ ጭነሃል አይደል?"

"ሰው ተቸገረ ብዬ ነው እኮ፣ አለቃ።"

"ገባኝ። ዛሬ አልከስህም። ትርፉ ብቻ ይውረድልኝ።" በሩን ከፈተና እጁን ወደ ኮፍያው ሰደደ። "እንዴት አረፈዳችሁ። ጉዞ ስላቋረጥኩባችሁ ይቅርታ። የቆማችሁ ልጆች፣ እባካችሁ ውረዱ።"

"እባካችሁ?" አለ አንዱ ጎረምሳ እየወረደ። "ትራፊክ ነው ወይስ የሠርግ ጠሪ?"

አሰለፈች አፏን ስላ ተዘጋጅታ ነበር። ቢያመናጭቃት መልሱ ምላሷ ላይ ነው። እንዲህ አንገቱን ሰብሮ የሚመጣ ባለሥልጣን ግን ምን ይሉታል?

"እናቴ፣ ወዴት ነዎት?"

"ቂሊንጦ። ልጄ ጋ።"

ምሳ ዕቃውን አየ። ሌላ አልጠየቀም፤ በዚያ መንገድ ምሳ ዕቃ የያዘች እናት ወዴት እንደምትሄድ ይታወቃል። ወንበር የያዙት ሰዎች ሁሉ ድንገት በመስኮት የሚያዩት ነገር አገኙ። ቀጀላ ሰዓቱን ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እርስዎ ይቀመጡ። አንድ ሰው ነዎት፤ እንዳላየሁ ልለፍዎት። ሸኪብ፣ ቀስ ብለህ ንዳ።"

በሩ ሊዘጋ ሲል አሰለፈች ያን ስትሸሸው የቆየችውን ጣውላ ከሥሯ አየችው።

ጌዲዮንም ሹፌር ነበር። ጣውላ ነበረችው፣ ልክ እንደዚህች ያለች። ከሞጆ ሲመለስ መኪናው ተገለበጠበት። ወንበር ላይ የነበሩት ተረፉ፤ ጣውላዋ ላይ የነበረችው ለቅሶ ሂያጅ ሴት ሞተች። ዳኛው ሲጠይቀው ልጇ ያለው ነገር ሌሊት ሌሊት ጆሮዋ ላይ ይጮኻል፦ "ትራፊኩ አስቁሞኝ ነበር። ጨዋ ሰው ነው። ሴትዮዋ አሳዝናው አሳለፈኝ።"

"ክፈት" አለች።

"ምነው፣ ማዘር? ተፈቀደልዎት እኮ!"

"ክፈት አልኩህ!"

ጉልበቷን በእጇ ደግፋ ወረደች። ቀጀላ ክንዷን ሊይዝ ሲል ገፋችው።

"ማን ፍቀድልኝ አለህ? ውረዱ ካልክ ውረዱ ነው። እኔ ከሰው አልቆጠርም?"

"ይረፍድብዎታል ብዬ ነው፣ እናቴ።"

"ልጄን የበላው እንዲህ ያለ ደግነት ነው። ደግሞ ባንተ ደግነት የዚህን የኡምሀኒን አባት ልታስበላው ነው? አንዱን ካወረድክ ሁሉንም አውርድ። ካላወረድክም ሂድና ቤትህ ተቀመጥ።"

ቀጀላ ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። ሸኪብም ጣውላዋን ከበሩ ሥር አንስቶ እግሩ ሥር ወሸቃትና፣ ቀና ብሎ ሳያያት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ቀጀላ ያላስቆመው መኪና የለም፤ ሁሉም ሙሉ። ጨዋነቱ ደግሞ አልለቀው ብሎ ከእያንዳንዱ ሹፌር ጋር ከነቤተሰቡ ሰላም ይባባላል።

"ሰላምታውን አሳጥረው እንጂ!" ብላ ከዳር ጮኸችበት። "ከብታቸውንም ልትጠይቅ ነው?"

"እሺ እናቴ፣ እሺ።"

በመጨረሻ አንድ የፋብሪካ ሰርቪስ ባዶ ወንበር ተገኘበት። ቀጀላ ደግፎ አወጣት፤ አሁን አልገፋችውም። ማመስገንም አልሆነላትም፤ ደክሟታል።

ቂሊንጦ ስትደርስ ጠያቂው እየወጣ ነበር። በሩ ላይ የቆመችው ፖሊስ ገና ከሩቅ ራሷን ነቀነቀች።

"እማማ፣ ተዘጋ እኮ። ምግቡን እንቀበልዎታለን፤ መግባት ግን አይቻልም።"

"ሰዓቱ ሰዓት ነው" አለች አሰለፈች። እንደ ወትሮዋ አልጮኸችም፤ ምሳ ዕቃውን አቀበለቻት።

ምሳ ዕቃው ተከፈተ። ምግብ አምጪው በፖሊሶቹ ፊት መቅመስ አለበትና ከሽሮውም ከጎመኑም አንዳንድ ጉርሻ ቀመሰች። ከማለዳ ጀምሮ ወደ አፏ የገባ እህል ይኸው ነው። ቆማ አኘከችው።

"ለልጅዎ ምን ልበልልዎት?" አለች ፖሊሷ፣ ክዳኑን እየገጠመች።

አሰለፈች ግንቡን ተደገፈች። ልጇ ውስጥ ሆኖ ስሙ እስኪጠራ እየጠበቀ ነው፤ ተረሳሁ እንዳይል የሆነ ነገር መባል አለበት። ለጉልበቷም፣ ለሰልፉም ማመካኘት ትችል ነበር።

"መጥታ ነበር በይው። ትርፍ ሰው ይውረድ ሲባል ወረደች በይው። እሱ ይገባዋል።"