የጋሽ ኪራኮስ ዋስትና

ጋሽ ኪራኮስ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከመጡ ወዲህ አሥራ አራት ጊዜ ሽማግሌ ሆነው ሄደዋል፤ አሥራ አራት ጊዜም እሺታ ይዘው ተመልሰዋል። በከተማው ሐበሻ ዘንድ «እሳቸው ከሄዱ አለቀ» ይባል ነበር። ለአቅመ አዳም የደረሰ ወንድ ልጅ ያላት እናት ሁሉ ቁጥራቸውን ስልኳ ላይ ይዛለች።

ይህ ዝና ከሰማይ አልወረደም። በደርግ ጊዜ ጋሽ ኪራኮስ በመንግሥት የፊልም ስቱዲዮ ውስጥ በወር ደመወዝ የሚሠሩ ተዋናይ ነበሩ። ቁመታቸው መለሎ፣ ፂማቸው ጥቁር ስለነበር በሦስት ፊልሞች ሦስት ጊዜ ባላባት ሆነው ሦስት ጊዜ በገበሬ ጥይት ሞተዋል። መርካቶ ውስጥ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ «ለጨቋኝ አልሸጥም» ብላ ባዶ ዘንቢላቸውን አሸክማ መልሳቸዋለች። መንግሥት ሲለወጥ ስቱዲዮው ተዘጋ፤ እሳቸውም አሥር ዓመት ያህል ለሬዲዮ የሳሙናና የፓስታ ማስታወቂያ እያነበቡ ከረሙ። ፂማቸው ሲሸብት ግን ቴሌቪዥን ጠራቸው። በጥቁር ፂም የተጠላ ሰው በነጭ ፂም ተወደደ እንግዲህ፣ ሥራው እንደዚህ ነው።

ፕሮግራሙ «የእሁድ ምንጣፍ» ይባል ነበር፤ የተጣሉ ባልና ሚስት የሚታረቁበት ነው። አሥራ አንድ ዓመት መሩት። እውነቱን ለመናገር የማስታረቁን ሥራ የሚሠሩት አዘጋጇና ሁለት ረዳቶቿ ነበሩ፤ ቤት ለቤት የሚዞሩት፣ የሚለምኑት፣ አብረው የሚያለቅሱት እነሱ ናቸው። ጋሽ ኪራኮስ በቀረጻው ቀን ከሰዓት በኋላ ይደርሳሉ፣ ፊታቸውን ፓውደር ይቀባሉ፣ የባልና የሚስቱን ስም ከወረቀት ላይ አንድ ጊዜ ያያሉ፣ ጋቢያቸውን ይደርባሉ። መጨረሻ ላይ የሁለቱን እጅ አገናኝተው፣ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ጭነው «ለዚህ ትዳር እኔ ዋስ ነኝ» ይላሉ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ ቴሌቪዥን ግን ጥምጣሙን ካገኘ ሌላውን አይጠይቅም። ያቺን ቃል የታክሲ ረዳቶች ሳይቀሩ ይሏት ነበር።

ከሰባት ዓመት በፊት ልጃቸው ምሥራች ሬድስቶን ሰፈር ወዳለው ቤቷ አመጣቻቸው። እዚህም ቢሆን ሥራ አልፈቱም፤ ሬስቶራንት ሲከፈት ሪባን ይቆርጣሉ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ገንዘብ ሲሰበሰብ መድረክ ይመራሉ። ከሁሉም በላይ ግን ሽማግሌ ይሆናሉ።

አሥራ አምስተኛውን ሽምግልና ይዞ የመጣው ተድላ የተባለ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ፍሪ ነዎት? ይዲድያ፣ የእህቴ ልጅ፣ ሊያገባ ነው። ልጅቷ ሳምሪ ትባላለች። አባቷ እዚህ የለም፤ ወሳኟ እናቷ ሙሉሸዋ ናት። ሳምሪ ደግሞ እናቴ ኖ ካለች አላገባም ብላለች። አንድ ቻንስ ነው ያለን።»

«አታስብ።»

«እኔማ አላስብም። እናትየዋ ራሷ ናት እኮ ‹ጋሽ ኪራኮስ ካልመጡ ሌላ ሽማግሌ አልቀበልም› ያለችው!»

ጋሽ ኪራኮስ ፈገግ አሉ። እንዲህ ያለች ተመልካች አጋጥማቸው ታውቃለች፤ ከእሺታው በኋላ ፎቶ ትጠይቃለች።

ሐሙስ ዕለት ይዲድያ ራሱ የፍራፍሬ ቅርጫት ይዞ ጉልበት ሊስም መጣ። አሥር ደቂቃ ተቀመጠ። ዘጠኙን ደቂቃ ጋሽ ኪራኮስ ስለ ፊልሞቻቸው አወሩለት፤ በአሥረኛው ልጁ ለሥራ ሺፍቱ እንዳይረፍድበት ተሰናብቶ ሄደ።

ቅዳሜ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶው ሁሉ ውሃ ሆኖ ነበር። ተድላ መኪናውን ነዳ። ሦስተኛው ሽማግሌ ስምዖን ነበር፤ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ የይዲድያ አለቃ ነው፤ አጭር፣ ዝምተኛ፣ የሥራ ጃኬቱን እንኳ ያልቀየረ ሰው። ጋሽ ኪራኮስ ጃኬቱን አይተው ቅር አላቸው።

«አንተ ዝም ብለህ ተቀመጥ» አሉት መንገድ ላይ። «ነገሩን እኔ እይዘዋለሁ።»

«እሺ ጋሼ» አለ ስምዖን።

ሙሉሸዋ በሩን ራሷ ከፈተች። ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ ዳውንታውን ካሉት ፎቆች በአንዱ የጽዳት ሠራተኞች ኃላፊ ናት። ሳምሪ ፎቅ ላይ ነበረች፤ ደረጃው አናት ላይ እግሯ ይታያል። ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደ ደንቡ ቆሙ።

«ይቀመጡ» አለች።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ኪራኮስ በዚያ ወፍራም ድምፃቸው። ከዚያ ጀመሩ። ከአዳም ተነሥተው በአብርሃም አልፈው ይዲድያ ላይ ደረሱ። ልጁ ወርቅ ነው አሉ፣ ታማኝ ነው አሉ፣ እግዚአብሔርን ፈሪ ነው አሉ። ተድላ በየመሀሉ ራሱን ይነቀንቃል። መጨረሻ ላይ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ጫኑ።

«ለዚህ ትዳር እኔ ዋስ ነኝ።»

ሙሉሸዋ አላጨበጨበችም፣ አላለቀሰችም።

«ይህቺን ቃል ለመስማት ነው ያስመጣሁዎት» አለች። «ዛሬም ይሏት እንደሆነ ላይ ብዬ ነው። አላወቁኝም፣ አይደል?»

ጋሽ ኪራኮስ ፊቷን አዩት። አምስት መቶ ፊት ያየ ሰው አንዱን አያስታውስም።

«የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ምንጣፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ያቺ ልጅ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። እጄን ከባሌ እጅ ጋር ያገናኙት እርስዎ ነዎት፤ ዋስም የሆኑኝ እርስዎ ነዎት።»

ተድላ ጉድ ፈላ ብሎ መሬት መሬት አየ።

«እኔ ቂም ልወጣ አይደለም» አለች ሙሉሸዋ። «ልጄ ልጁን ወዳዋለች። ልትሰጠው የሚገባ ከሆነ እሰጣለሁ። ግን ስለ ይዲድያ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ወርቅ ነው ምናምን ሳይሆን፣ ያዩትን። አንድ ብቻ።»

የስቱዲዮው ዳይሬክተር ድሮ «ቃል ከጠፋህ ሩቅ ተመልከት፤ ሕዝቡ ያዘንክ ይመስለዋል» ይላቸው ነበር። ጋሽ ኪራኮስ ሩቅ ተመለከቱ። መስኮቱ ላይ አንድ የጎረቤት መኪና ይታይ ነበር። ስለ ልጁ የሚያውቁት ፍራፍሬ ማምጣቱን ነው፤ እሱንም ቅርጫቱን እንጂ ልጁን በደንብ አላዩትም። መዋሸት ይችሉ ነበር፤ ኑሯቸው ነው። ግን ከደረጃው አናት ላይ ያለችው ልጅ እግር ዓይናቸው ውስጥ ገባ፤ አፈሩ።

«አላውቀውም» አሉ።

«ጋሼ!» አለ ተድላ።

«አላውቀውም፣ ተድላ። ሐሙስ ነው ያየሁት። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ ያወራሁት እኔ ነኝ።»

ሙሉሸዋ ወደ ባለ ጃኬቱ ሰውዬ ዞረች። «አንተስ?»

ስምዖን ጉሮሮውን ጠረገ። «አራት ዓመት ከእኔ ጋ ሠርቷል። አምና በዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት የዕቃ መደርደሪያ መትቶ ነበር። ማንም አላየም፣ ካሜራም አልነበረም። ራሱ መጥቶ ሪፖርት አደረገ። ሦስት ቀን ከሥራ አገድኩት፤ አላኮረፈም።»

«ሲናደድስ?»

«ዝም ብሎ ወጥቶ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ግን ስልኩን ግድግዳ ላይ ወርውሮ ሰብሯል። አልደብቅሽም።»

«ለምን?»

«አባቱ ሞቶ ለቀብር የሚደርስ ትኬት አጥቶ።»

«ዋስ ትሆናለህ?» አለች ሙሉሸዋ።

«ዋስ ምንድነው የሚያደርገው?»

«እጁን ቢያነሳባት፣ ስትደውልልህ ትመጣለህ?»

«የሚከራዩትን ቤት አይቼዋለሁ» አለ ስምዖን። «ከእኔ ቤት አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። እመጣለሁ።»

«እንግዲያው ሰጥቻለሁ» አለች። «ዋሱ ይሄ ነው። ይቀመጡ።»

ከላይ ሳምሪ እየሮጠች ወርዳ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ተድላ ተንፍሶ ሶፋው ላይ ወደቀ። የቀረው ምርቃት ነበር፤ ምርቃት ደግሞ የትልቅ ሰው ድርሻ ነውና ሁሉም ወደ ጋሽ ኪራኮስ ዞሩ።

እሳቸው እንደቆሙ ነበር። እጃቸውን ዘረጉና መልሰው አወረዱት።

«ወይዘሮ ሙሉሸዋ፣ ልጠይቅዎ» አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ሆኖ ለራሳቸውም እንግዳ ሆነባቸው። «ከዚያ ቀን በኋላ፣ ሰውየው... እጁን ሳያነሳ ስንት ጊዜ ቆየ?»

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ማንንም ጠይቀው አያውቁም።

«የተቀረጽነው ማክሰኞ ነው» አለች። «የታየው እሁድ። እሁድ እኔ መንጋጋዬ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቻለሁ። ክፍሉ ውስጥ ቴሌቪዥን ነበር። እርስዎ ዋስ ነኝ ሲሉ የተኙት ሴቶች ሁሉ እልል አሉ። ፊቴ አብጦ ስለነበር እኔ መሆኔን ያወቀ የለም።»

ሳምሪ የእናቷን እጅ ያዘች።

«ይመርቁ እንጂ» አለች ሙሉሸዋ፤ በክፋት አልነበረም።

ጋሽ ኪራኮስ ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁና ከሁሉም ዝቅ ያለችውን ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። የመረቀው ስምዖን ነው። አያውቅበትም፤ ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ሁለት ጊዜ ደገመው። ጋሽ ኪራኮስ አንገታቸውን ደፍተው፣ ከሁሉም ሰው በኋላ፣ አሜን አሉ።