የንባብ ቤቱ ልስን

ዘይኑልአቢዲን ኮምቦልቻ ላይ ብሎኬት ያመርታል፤ ደሴ ሆጤ ውስጥ በብሎኬት በተሠራ ቤት ይኖራል፤ ስለ ብሎኬት የሚያዳምጠው ሰው ካገኘም ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ያወራል። ያደገው ግን ከደጋን ከተማ ወጣ ብሎ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ግድግዳው በሚናድ ጭቃ ቤት ነው። በየዓመቱ ጭቃ ሲረግጥ እግሩ እየተሰነጣጠቀ ስላደገ፣ ከተማ የገባ ዕለት «ወላሂ፣ ከእንግዲህ እግሬ ጭቃ አያቦካም» ብሎ ማለ። መሐላውን እስካሁን ጠብቋል። ዝናብ ሲጥል አስፋልት ለመሻገር እንኳ ባጃጅ ይጠራል።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ አላህ የረውዳ አባት ያደረገው።

ረውዳ አራተኛ ክፍል ናት፤ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አባልም ናት። የክበቡ ኃላፊ መምህርት ጽናት ከልጆቹ ጋር በትምህርት ቤቱ ጥግ የንባብ ቤት ሠርታለች። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ መስኮቱ የተጣለ ጠርሙስ፤ የጣሪያው ውሃ በርሜል ውስጥ ይወርዳል። ልጆቹ እርጥቡ ግድግዳ ላይ የእጃቸውን አሻራ አትመውበታል። ጽናትም እስኪደርቅ ማንም እንዳይነካው አስጠንቅቃለች።

«አባ፣ ሲሚንቶ ሲመረት አየሩን እንደሚበክል ታውቃለህ?» አለች ረውዳ ራት ላይ።

«አሁን የምትበዪው በምን የተገዛ ይመስልሻል?»

«በሲሚንቶ» አለች ረውዳ በሐዘኔታ። «ግን ቲቸር አልተቀየመችህም።»

የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ራሱ ዘይኑልአቢዲን ነው። የንባብ ቤቱን ለማየት ከአዲስ አበባ እንግዶች ሰኞ እንደሚመጡ ሲሰማ ምግብ አልበላልህ አለው። እንግዳ ተጠርቶ ጭቃ ይታያል? ኮሚቴውንም ነገሩ ከነከነው፤ የወሎ ሰው እንግዳ የሚቀበለው ባለው ብቻ ሳይሆን በሌለውም ጭምር ነው። ቅዳሜ ዕለት፣ ጽናት ለሥልጠና ኮምቦልቻ እንደወረደች፣ ወላጆቹ ተጠራርተው ግድግዳውን በሲሚንቶ ለሰኑት፤ ክሬም ቀለምም ቀቡት። ሲሚንቶውን በነጻ የሰጠው ዘይኑልአቢዲን ነው። ሲጨርሱ ዱዓ ተደረገ። ሥራው በእውነት ያምር ነበር።

እሑድ ረውዳን እጇን ይዞ ወስዶ አሳያት። አላለቀሰችም።

«የኔ እጅ የታል?» አለች ብቻ።

ከዚያ ወዲያ አባቷን አላናገረችውም። «አሰላሙ ዐለይኩም» ሲላት፣ መመለሱ ግዴታ ነውና፣ ወደ ግድግዳው ዞራ ትመልሳለች። ዘይኑልአቢዲን ለሰው «ልጅ ናት፣ ይረሳታል» ይላል፤ ለእሷ ግን ቀኑን ሙሉ ሰላምታ ይደጋግምላታል።

ሰኞ እንግዶቹ መጡ፤ ጽናትም ልስኑን ያየችው ያን ጠዋት ነው። ልጆቹ ባጠኑት መሠረት በሲሚንቶው ግድግዳ ፊት ተሰልፈው ስለ ጭቃ ጥቅም ዘመሩ። ተጨበጨበ። ከእንግዶቹ አንዷ «የጭቃው ቤት የቱ ነው?» ብላ ጠየቀች። ጽናት ወደ ኮሚቴው ዞረች፤ ኮሚቴው ወደ ሰብሳቢው። መልስ የሰጠው ግድግዳው ነው። ጭቃው ሳይደርቅ ታፍኖ ኖሮ፣ ፍራሽ የሚያህል ልስን ከነክሬም ቀለሙ ተገምሶ ኮሚቴው እግር ሥር ወደቀ። ከሥሩ የልጆቹ አሻራ ታየ፤ ግማሹ ተፍቋል።

ዘይኑልአቢዲን ረውዳን አያት። እሷ መሬት መሬት ታያለች።

«መምህርት፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «እንግዳ ያከበርኩ መስሎኝ ነው።»

ጽናት የወደቀውን ልስን ተራምዳ ቀረበችው። «ጋሽ ዘይኑ፣ ልስኑ ሁሉ ተነሥቶ እንደገና ይመረጋል። ቅዳሜ ጭቃ እናቦካለን። ይመጣሉ?»

ኮሚቴው መሐላውን ያውቃልና ማንም ቀና አላለም።

ቅዳሜ ዘይኑልአቢዲን መጣ። ሼኩን ጠይቆ፣ የፈረሰ መሐላ ካሳው አስር ሚስኪን ማብላት ነው ስለተባለ፣ ሚስኪኖቹን ለምሳ ጠርቶ ነው የመጣው። ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ጠቀለለ፣ ገባ። የደሴ ጠዋት ነውና ጭቃው እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። የቀድሞውን ቤት፣ የቀድሞውን ክረምት ሁሉ ጠላው፤ እግሩ ግን ሥራውን አልረሳም። ልጆቹ ዙሪያውን ቆመው እያዩት ረገጠ፣ ገለበጠ፣ ረገጠ።

ረውዳ ከልጆቹ መሐል ወጥታ ጭቃውን በጣቷ ጫን አድርጋ አየችው።

«አባ» አለች፣ «ጭዱ አንሷል።»

«ጨምሪበት» አለና ቦታ ሊለቅላት ጠጋ አለ።